ደኑ የማን ነው? በባሌ ደጋማ አካባቢ የማዕድንና የእንጨት ሀብት አጠቃቀም ታሪክ ከባለቤትነት አንጻር

መግቢያ

ስለ ባሌ ደን መመናመን የሚጻፉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምክንያቶችን ያስቀድማሉ። አንደኛው የሕዝብ ቁጥር መጨመር ነው፤ ሁለተኛው የእንጨት ነጋዴው መጋዝ ነው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ሆኖም ደኑ በአንዳንድ ዓመታት በፍጥነት፣ በሌሎቹ ደግሞ በዝግታ የተመነጠረበትን ምክንያት ብቻቸውን ሊያስረዱ አይችሉም። የሕዝብ ቁጥር በየዓመቱ በተከታታይ ያድጋል፤ ምንጠራ ግን በድንገት ይጋጋልና ተመልሶ ይረግባል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው። በባሌ የደን ጥፋት የተባባሰው በተለይ የሀብቱ ባለቤትነት ከአንድ እጅ ወደ ሌላ በተሸጋገረባቸው ዓመታት ነው። እያንዳንዱ ሽግግር የቀድሞውን ተጠቃሚ መብት ሲያነሣ፣ በቦታው አዲስ ባለቤት በወረቀት ላይ ቢሾምም፣ በደኑ ውስጥ ግን የሚጠብቅ እጅ አልተካም። በአንጻሩ ነዋሪው የታወቀ ድርሻና የመከልከል ሥልጣን ባገኘባቸው ቦታዎች ጥፋቱን ለመግታት የተሻለ ዕድል ተፈጥሯል። ይህንን ለማሳየት ጽሑፉ ከቅድመ ታሪክ የድንጋይ ቁፋሮ ተነሥቶ እስከ ዛሬው የካርቦን ሽያጭ ይዘልቃል። ዓመታቱ፣ እ.ኤ.አ. ተብለው ካልተለዩ በስተቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አካባቢው

የባሌ ተራሮች ከሮቤና ከጎባ ከተሞች በስተ ምዕራብና በስተ ደቡብ ይነሣሉ። የሳነቴ አምባ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል፤ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከአምባው በስተ ደቡብ መሬቱ በድንገት ይወርድና በአስታ ቁጥቋጦ፣ በኮሶና በቀርከሃ አልፎ ወደ ሐረና ደን ይገባል። ከዚያም በታች ዝግባና ቀራሮ፣ ዝቅ ብሎም የጫካ ቡና የሚበቅልበት እርጥብ ደን አለ። በስተ ሰሜን በኩል ጽድና ኮሶ ይበዛሉ። ወይብ፣ ወልመል፣ ያዶትና ዱማል ከዚሁ ተራራ ይነሣሉ፤ ውኃቸው በቆላው ለሚኖረው አርብቶ አደር፣ ከዚያም አልፎ ለሶማሊያ ነዋሪ ሕይወት ነው። ስለዚህ በባሌ የሚቆረጥ ዛፍ ጉዳይ የባሌ ብቻ አይደለም።

ከባልጩት እስከ ሆራ

በባሌ የማዕድን አጠቃቀም ታሪክ ከእርሻም ሆነ ከመንግሥት ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ2019 በሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በፊንጫ ሀበራ የድንጋይ መጠለያ፣ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሰዎች ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት በተደጋጋሚ ኖረዋል። ምግባቸው በአብዛኛው የአካባቢው ትልቅ ፍልፈል ነበር። ለመሣሪያ የተጠቀሙበትን ባልጩት ያወጡት ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ከሚገኙ የድንጋይ ገመገሞች ነው። ይህ ግኝት ተራራው ከሰው እጅ ርቆ የኖረ ድንግል ምድር ነው የሚለውን አስተሳሰብ ያፈርሳል። ባሌ ከጥንት ጀምሮ ሀብት የሚወጣበት ቦታ ነው፤ ሊመረመር የሚገባው ሀብቱ በምን ሥርዓት እንደ ወጣ ነው።

በቅርቡ ዘመን ለአካባቢው አርብቶ አደር ከሁሉ የከበረው ማዕድን ወርቅ ወይም ብረት ሳይሆን ጨዋማ ውኃና አፈር ነው። ሆራ የሚባሉት የማዕድን ምንጮች ለከብት ጤናና ወተት አስፈላጊ እንደ ሆኑ ይታመናል። ጎዳንቱ በሚባለው ልማድ መንጋው እንደየወቅቱ ከሜዳው፣ ከደኑና ከከፍታው ግጦሽ እየተዘዋወረ ይሰማራል፤ ሆራም በዚሁ ጉዞ ውስጥ ቦታ አለው። ልብ ሊባል የሚገባው ጎዳንቱ ዝም ብሎ መንከራተት አለመሆኑ ነው። መቼ ወዴት እንደሚኬድና ማን እንደሚያስገባ የሚወስን የመግባባት ሥርዓት አለው። የአንድን ቦታ ሀብት በተወሰነ ወቅት ብቻ መጠቀም ማለት በቀረው ጊዜ ማሳረፍ ማለት ነውና ልማዱ በተግባር የጥበቃ ደንብም ነበር። ደኑን የማያርስ ነገር ግን ያለ ደን የማይኖር ተጠቃሚ ነበረው ማለት ነው።

ቀላድ፣ ጋሻና መጋዝ

ይህንን ሥርዓት በመጀመሪያ የነካው የመሬት ልኬት ነው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ በባሌ የተካሄደው የቀላድ ልኬት መሬትን በጋሻ ቆጥሮ ለግብር አስመዘገበ። አንድ ጋሻ በአማካይ 40 ሄክታር ያህል ነው። ያልተመዘገበ ወይም ግብሩ ያልተከፈለበት መሬት ወደ መንግሥት ይዞታ የሚገባበት መንገድ ተከፈተ፤ ከዚያም ለባለ ሥልጣናትና ለባለ ውለታዎች ይሰጥ ጀመር። በወቅት የሚጠቀሙበት ግጦሽና ደን በዚህ ዓይነት መዝገብ ላይ ባለቤት ሊኖረው አይችልም፤ ባለቤቱ በዚያ ወቅት ሌላ ቦታ ነውና። ከ1955 እስከ 1962 በዋቆ ጉቱ መሪነት ከተካሄደው የባሌ ዐመፅ ምክንያቶች መካከል የመሬት መነጠቅና የግብር ጫና ዋነኞቹ ናቸው።

በዐመፁ መካከል፣ በ1957፣ ሦስት የደን ዐዋጆች ታወጁ። ዐዋጅ ቁጥር 225 ስለ መንግሥት ደን፣ 226 ስለ ግል ደን ጥበቃ፣ 227 ደግሞ ለመሬትና ለውኃ ጥበቃ ስለሚከለሉ ደኖች ይደነግጋሉ። ሦስቱም ደንን የመንግሥት ወይም የግለሰብ አድርገው ይከፍሉታል። የማኅበረሰብ ደን የሚል ክፍል አልነበራቸውም። እንግዲህ በሕጉ ዓይን ጎዳንቱ የሚባል ተጠቃሚ የለም።

የእንጨት ሥራው የተስፋፋው በዚህ ማዕቀፍ ውስጥ ነው። አሠራሩን መረዳት ለታሪኩ ትንተና ይጠቅማል። ሰንጣቂው ደኑን በሙሉ አይቆርጥም፤ ዝግባውን፣ ጽዱንና ኮሶውን እየመረጠ ይጥላል። ዝግባ ለጣውላ፣ ጽድ ምስጥ ስለማይደፍረው ለቤት ምሰሶና ለአጥር፣ ኮሶ ለዕቃ ሥራ ይፈለጋሉ። ግንዱን ለማውጣት መንገድ ይቀደዳል፤ በመንገዱ ገበሬው ይከተላል፤ የቀረውን ቁጥቋጦ መንጥሮና አቃጥሎ ያርሳል። ስለዚህ መጋዙ በቀጥታ የሚያጠፋው ከዛፎቹ ጥቂቱን ቢሆንም ለእርሻ በር የሚከፍተው እርሱ ነው። የተቆረጠውን ግንድ ብዛት ብቻ የሚቆጥር ጥናት ይህንን ተያያዥነት ይስተዋል። በሌላ በኩል ገበሬውን ብቻ የሚወቅስ ጥናት መንገዱን ማን እንደ ቀደደው ይዘነጋል።

የሁሉም የሆነው የማንም ሆነ

የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው ዐዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። የአንድ አራሽ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ የገበሬ ማኅበራትም ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር፣ በሚሸፍን አካባቢ እንዲደራጁ ተደረገ። የዐዋጁ ታሪካዊ ፍትሕ አያጠያይቅም፤ ለባሌ ጭሰኛ መሬቱን መልሷል። ለደኑ ግን ሌላ ውጤት ነበረው። በአገሪቱ በብዙ ቦታ እንደ ሆነው፣ የቀድሞው ባለ ይዞታ ሊወሰድበት የተቃረበውን ዛፍ አስቀድሞ ቆረጠ፤ አዲሱ ባለ መብት ደግሞ ነገ ለማን እንደሚደርስ ያልታወቀውን ደን ዛሬ መነጠረ። ሁለቱም ከየራሳቸው አኳያ ምክንያታዊ ነበሩ። የጎደለው የነገውን ተጠቃሚ የሚያረጋግጥ ደንብ ነው።

ቀጥለው የመጡት ሦስት እርምጃዎች ጫናውን አባባሱት። የመጀመሪያው የመንደር ምሥረታ ነው። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ፣ በ1971፣ መርሐ ግብሩ ከሌሎች ክፍለ ሀገራት ቀድሞ የተጀመረው በባሌ ነበር። ተበታትኖ ይኖር የነበረው ሕዝብ ወደ መንደር ሲሰባሰብ ለአዲስ ቤት ሁሉ ወጋግራ፣ ማገርና ምሰሶ ያስፈልጋል፤ የማገዶውም ቆረጣ በመንደሩ ዙሪያ ይከማቻል። ሁለተኛው የመንግሥት እርሻ ነው። በሲናና እና በአጎራባቹ ሜዳ የግጦሽ መሬት ወደ ስንዴና ገብስ ማሳ ተለወጠ። ሜዳው በትራክተር ሲታረስ ከብቱ ወደ ተራራውና ወደ ደኑ ተገፋ፤ የጎዳንቱም ዑደት አንድ እግሩን አጣ። ዛሬ ባሌ በስንዴ ምርቷ ትመሰገናለች፤ የዚያ ስንዴ ሌላ ዋጋ በደኑ ጠርዝ ተከፍሏል። ሦስተኛው መንገድ ነው። ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ በሪራ በኩል ወደ ደሎ መና የሚወርደው፣ በአፍሪካ በከፍታቸው ከሚታወቁ መንገዶች አንዱ የሆነው ጎዳና፣ የሐረናን ደን ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል። መንገዱ ለደሎ መና ሕዝብ የሐኪም ቤትና የገበያ መንገድ ነው፤ ለግንድና ለከሰልም እንዲሁ መውጫ ነው።

መንግሥት ደኑን ለመጠበቅ ያደረገው ጥረት አልነበረም ማለት አይቻልም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተመሥርቷል፤ በ1972 ዐዋጅ ቁጥር 192 የደንና የዱር አራዊትን ጥበቃ የሚመራ ባለ ሥልጣን አቋቁሟል፤ ከዚያም በኋላ በመላ አገሪቱ 58 ቀዳሚ ትኩረት የሚሰጣቸው ደኖች ተለይተዋል። ሐረና ኮኮሳ፣ መና አንጌቱ፣ አዳባ ዶዶላ እና ጎሮ በሌ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ነገር ግን ጥበቃው የተመሠረተው ነዋሪውን ከደኑ በመለየት ላይ ነበር። ዘበኛው ደመወዙን ከመንግሥት ይቀበላል፤ ነዋሪው ከደኑ መጠበቅ የሚያገኘው ነገር የለም። በ1983 የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ፣ ደመወዝ የሚከፍለው አካል ለጥቂት ጊዜ ሲላላ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሰፊ ምንጠራ የተካሄደው ለዚህ ነው። የ1967ቱና የ1983ቱ ሽግግሮች በርእዮተ ዓለም ተቃራኒ ናቸው፤ አንዱ የግል ይዞታን ያስወገደ፣ ሌላው ያስወገደውን መንግሥት የሻረ ነው። በደኑ ላይ ያስከተሉት ግን ተመሳሳይ ነው። ይህ ተመሳሳይነት የጥፋቱ ምንጭ በሥርዓቶቹ ይዘት ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው በተፈጠረው የባለቤትነት ክፍተት እንደሚፈለግ ይጠቁማል።

የ1992ቱ እሳት

በ1992 በበጋው ወራት በባሌና በቦረና የተነሣው ሰደድ እሳት ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ደን አወደመ። ኢትዮጵያ የውጭ አገር ባለሙያዎችን እርዳታ እስከ መጠየቅ ደረሰች፤ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ተማሪዎች እሳቱን ለማጥፋት ዘምተዋል። የእሳቱ መባባስ ምክንያት ድርቁ ነው፤ ሆኖም በባሌ እሳት ለግጦሽ ማደሻ፣ ለንብ ማጨሻና ለምንጠራ የቆየ መሣሪያ ነው። እሳትን ለኩሶ መቆጣጠር የሚቻለው ጎረቤት ለጎረቤት ተጠያቂ በሆነበት ቦታ ነው። ተጠያቂነቱ በሌለበት ትንሽ የማር እሳት አንድ ተራራ ይበላል።

ዋጂብ፤ ለነዋሪው የተሰጠ ውል

በዚያው ዓመት በአዳባ ዶዶላ ደን የተለየ ሙከራ ተጀመረ። ሁለቱ ወረዳዎች ዛሬ በምዕራብ አርሲ ዞን ቢሆኑም በዚያን ጊዜ የባሌ አካል ነበሩ። በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት በተደገፈ ፕሮጀክት የተቋቋመው ማኅበር ዋጂብ ይባላል፤ ስያሜው በአፋን ኦሮሞ የደን ነዋሪዎች ማኅበር ከሚለው ሐረግ የተወሰደ ምኅጻረ ቃል ነው።

አሠራሩ በአራት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ ደኑ በታወቀ ወሰን በቁራሽ ተከፋፈለ። ሁለተኛ፣ በአንድ ቁራሽ ከ30 የማይበልጡ አባወራዎችና እማወራዎች በአባልነት ተደራጁ፤ ለአንድ አባል 12 ሄክታር ደን በመነሻነት ስለ ተወሰደ የአንድ ማኅበር ይዞታ እስከ 360 ሄክታር ይደርሳል። ሦስተኛ፣ ማኅበሩና የመንግሥት ባለሙያዎች የደኑን ሽፋን በጋራ ለክተው መዘገቡ፤ ልኬቱ የወደፊቱ መመዘኛ ሆነ። አራተኛ፣ ማኅበሩ በውል ግዴታ ገብቶ፣ ኪራይ እየከፈለ፣ በደኑ ውስጥ የመኖር፣ የመጠቀምና አባል ያልሆነውን የመከልከል መብት አገኘ። ይህ አሠራር በኋላ በጅማ ዞን ወደ በለጠ ገራ ደን ተወስዶ ከጫካ ቡና የምስክር ወረቀት ጋር ተያይዟል።

የዋጂብ ትምህርት በባለቤትነቱ ዓይነት ላይ ነው። መሬቱ አልተሸጠም፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ ቀርቷል። የተላለፈው የመጠቀምና የመከልከል ሥልጣን ብቻ ነው፤ ይህም ነዋሪውን ጠባቂ ለማድረግ መሠረት ሆነ።

ነገር ግን የመከልከል ሥልጣን ሌላ ገጽታ አለው። ቁጥሩ በ30 ሲወሰን ሠላሳ አንደኛው ቤተሰብ ውጭ ይቀራል። ውጭ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ወጣቱ፣ ዘግይቶ የመጣው፣ ወይም በወቅቱ ከብቱን ይዞ ቆላ የወረደው ነው። በዚህ ረገድ ዋጂብ የቀላዱን ስሕተት በከፊል ሊደግም ይችላል፤ ቋሚ ነዋሪውን ሲመዘግብ ተዘዋዋሪውን ይረሳልና። ደኑ ተጠብቋል የሚል መደምደሚያ የተባረረው መንጋ ወዴት እንደ ሄደ ሳይጠይቅ ምሉእ አይሆንም።

የማይታየው ማዕድን

ከዋጂብ ተሞክሮ በኋላ ፋርም አፍሪካና ኤስ.ኦ.ኤስ ሳህል ኢትዮጵያ ከክልሉ መንግሥት ጋር በባሌ አሳታፊ የደን አስተዳደርን አስፋፉ። የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝም በ2001 በደንብ ቁጥር 122 ተቋቁሞ ከደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር የጋራ አስተዳደር ውል ተዋዋለ። በዚህ ላይ የታነጸው ሬድ ፕላስ የተባለው መርሐ ግብር ነው፤ ዓላማው ከደን መጨፍጨፍና መመናመን የሚመነጨውን የካርቦን ልቀት መቀነስና የተቀነሰውን መጠን በዓለም ገበያ መሸጥ ነው።

ስሌቱ የሚነሣው ምንም ባይደረግ ኖሮ ምን ያህል ደን ይጠፋ ነበር ከሚል መነሻ ነው። ለባሌ በተደጋጋሚ የተጠቀሰው የጭፍጨፋ መጠን በዓመት ወደ 4 በመቶ ይጠጋል። ይህ ቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም በዚህ ፍጥነት አንድ ደን በ17 ዓመት ገደማ ግማሹን ያጣል፤ ማለትም አንድ ልጅ ተወልዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ። በመነሻውና በተለካው መካከል ያለው ልዩነት ወደ ካርቦን ተለውጦ ይሸጣል።

እንግዲህ ካርቦን አዲስ ዓይነት ማዕድን ነው። የሚወጣው ባለመቁረጥ ነው፤ ሚዛኑ በሳተላይት ምስል ይለካል፤ ገዢው ባሕር ማዶ ነው። ገበሬው ዝግባ ሲሸጥ ዋጋውን በእጁ ያያል፤ ያልተቆረጠን ዝግባ ሲሸጥ ግን ዋጋው በመለኪያ ባለሙያ፣ በአረጋጋጭ ድርጅት፣ በገዢና በሻጭ ተቋም በኩል አልፎ ዘግይቶ ይደርሰዋል። መንገዱ በረዘመ መጠን የነዋሪው ድርሻ የመሸርሸር ዕድሉ ይጨምራል።

የጎረቤት ዞን ወርቅ በዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በጉጂ፣ በአዶላ ቀበቶ፣ ወርቅ ከጣሊያን ወረራ ዘመን አካባቢ ጀምሮ የታወቀ ሲሆን ለረጅም ዘመን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ወጥቷል። የለገደምቢ ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ግል ኩባንያ ተላልፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ነዋሪዎች በጤናና በአካባቢ ብክለት ላይ ባነሡት ብርቱ ተቃውሞ ፈቃዱ ታግዷል። የለገደምቢ ክርክር በመሠረቱ ስለ ኬሚካል ብቻ አልነበረም፤ በቦታው የሚኖረው ሰው ከሀብቱ ጥቅም ምን ያህል፣ ከጉዳቱስ ምን ያህል ይደርሰዋል የሚል ነበር። ካርቦን መርዝ የለውም። የድርሻው ጥያቄ ግን ያው ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ተሻሽሏል። በ2010 የወጣው የደን ዐዋጅ ቁጥር 1065 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን በማለት አራት የባለቤትነት ዓይነቶችን ያውቃል። በ1957ቱ ዐዋጆች ቦታ ያልነበረው ማኅበረሰብ ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ በሕግ ስም አግኝቷል። ፓርኩም በ2007 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ሕጋዊ ወሰን አግኝቶ፣ መስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ቅርስነቱ ክብር ነው፤ ለሪራና ለአካባቢው ነዋሪ ግን ሌላ የባለቤትነት ሽግግርም ሆኖ ሊታይ ይችላል። ከላይ የተመለከትነው ታሪክ የሚያስተምረው እንዲህ ያለው ጊዜ ጥንቃቄ የሚሻ መሆኑን ነው።

ማጠቃለያና ለጥናት የሚጠቅሙ ነጥቦች

በባሌ የሀብት ታሪክ ውስጥ ቀላዱ፣ የ1967ቱ ዐዋጅና የ1983ቱ ለውጥ በዓላማ ይለያያሉ፤ በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላሉ። የቀድሞውን ተጠቃሚ መብት ከማንሣታቸው በፊት አዲሱን ጠባቂ አላዘጋጁም። ዋጂብ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው፤ አስቀድሞ ተጠቃሚውን ለየ፣ ደኑን ለካ፣ ከዚያም ተዋዋለ። የሬድ ፕላስም ሆነ የፓርኩ ዕጣ የሚወሰነው ይህን ቅደም ተከተል በመጠበቃቸው ይመስላል።

በዚህ ዘርፍ ለመመራመር ለሚነሡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሦስት የአሠራር ምክሮችን ማቅረብ ይቻላል። የመጀመሪያው የጊዜ አከፋፈልን ይመለከታል። የደን ሽፋን ለውጥን በየአሥር ዓመቱ መለካት የተለመደ ቢሆንም፣ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሚገኙትን የላንድሳት ምስሎች በባለቤትነት ሽግግር ዓመታት ከፋፍሎ መመርመር የበለጠ ያስረዳል፤ የዐሥርት ዓመት አማካይ የሁለት ዓመት ምንጠራን ይደብቃልና። ሁለተኛው የምንጭ ጉዳይ ነው። የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የግብር ደረሰኝና የማኅበራት ቃለ ጉባኤ ስለ ደን ባይጽፉም ስለ ደን ይናገራሉ፤ ከሽማግሌዎች ቃል ጋር ሲነጻጸሩ ማን መቼ እንደ ተከለከለ ያሳያሉ። ሦስተኛው የአሃዱ ጉዳይ ነው። ጥናቱ ቀበሌን ብቻ አሃድ ካደረገ ጎዳንቱን አያየውም። ከብቱን ተከትሎ ከሜዳው ወደ ደኑ፣ ከደኑ ወደ ሆራው የሚሄድ ጥናት የሚያስፈልገው በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረው ባለ መብት በዚያ መንገድ ላይ ስለሚገኝ ነው።